ከአሥራ ሰባተኛው ኬብል በኋላ

ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ ፊቱ ወደ ኮርኒሱ ዞሯል። ከአናቱ ሥር የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ጠቁሯል። በራስጌው የኔትወርክ ዕቃ የሚገጠምበት ባዶ የብረት ሳጥን፣ በግርጌው ደግሞ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ መሰላል ቆሟል። ከኮርኒሱ ቀዳዳ ሃያ አንድ ሰማያዊ ኬብሎች ወርደው ተንጠልጥለዋል።

ኢንስፔክተር ንካንዱ ሙሌንጋ ፎቶግራፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችና መልሳ አነሳችው። ረቡዕና ሐሙስ ለምስክርነት ንዶላ ፍርድ ቤት ተገትራ ስለዋለች ሬሳውን በዓይኗ አላየችም። አርብ ጠዋት ወደ ኪትዌ ፖሊስ ጣቢያ ስትመለስ መዝገቡ አልቆ ፊርማዋን ብቻ ይጠብቅ ነበር።

«አለቃችን ፈርመው ይላኩት ብለዋል» አለ ሳጅን ጄሬ በር ላይ ቆሞ። «ተጠርጣሪው ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ይቀርባል።»

«ማንን ነው የያዛችሁት?»

«ሲምፉክዌን። የሕንፃው የመብራት ሠራተኛ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የመዳብ ሽቦ ሰርቆ ሁለት ዓመት ታስሯል። ረቡዕ ሟቹ ከነበረበት ክፍል በር ላይ ሲመለስ ታይቷል። ስንፈትሸው ኪሱ ውስጥ ፒንሳና የዚያው ሰማያዊ ኬብል ቁራጭ አገኘንበት። ሲሰርቅ ሟቹ፣ ኬብል ዘርጊው ካሶንዴ ደረሰበት፤ በፒንሳው አናቱን አለው። በቃ።»

«ፒንሳው ላይ ደም አለ?»

«አጥቦት ይሆናላ።»

«ከሐኪሙ ወረቀት ሁለተኛውን ገጽ አንብበኸዋል?»

ጄሬ ዓይኑን ወደ መዝገቡ ጣለ። እሷ አንብባዋለች። ቁስሉ ቀጥ ያለ ነው፤ የብረት ጠርዝ ያረፈበት ይመስላል። ሰውየው ወዲያው አልሞተም፤ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ያህል ተንፍሷል።

«ይህ ሰው ከመሰላል ላይ ወድቆ ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ታዲያ መሰላሉን ማን አቆመው?»

«የመሰላል ሥራው መቆም አይደል እንዴ?»

«እናንተ ንጎኒዎች አይጡን ስትበሉ ጭንቅላቱን ትጥሉታላችሁ መሰል። ለዚህ ነው እንዲህ የምታስቡት።»

«ጦጣ ከሚበሉ ቤምባዎች ትምህርት አልቀበልም» አለ ጄሬ እየሳቀ። በሁለቱ ነገዶች መካከል ይህ ስድብ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ለቀልድ የተፈቀደ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቁልፏን አንስታ ወደ እስር ክፍሉ አመራች።

ሲምፉክዌ አምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ጣቶቹ የወፈሩ ሰው ነው። ስትገባ ብድግ አለ።

«የኬብሉን ቁራጭ ከየት አመጣኸው?»

«ካሶንዴ ነው የሰጠኝ። ረቡዕ ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት። ‹አንተ መዳብ ታውቃለህ፣ እስቲ ይህን እይልኝ› አለኝ።»

«አየኸውና?»

«ማየት አላስፈለገኝም። እጄ ላይ ሳስቀምጠው ቀለለኝ።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እኔ በመዳብ ነው የታሰርኩት፣ ኢንስፔክተር። ክብደቱን በእንቅልፌ አውቀዋለሁ። ይህን የሚሰርቅ ሌባ አለ ካላችሁኝ ጅልነቱን ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ።»

ንካንዱ ቁራጩን ከማስረጃ ፖስታው አወጣች። ሰማያዊውን ልባስ ልጣ ከውስጡ ያለውን ቀይ ሽቦ በቁልፏ ጫፍ ፋቀችው። ከቀዩ ሥር ነጭ ብልጭ አለ። አሉሚኒየም ነው፤ መዳቡ ከላዩ የተቀባ ቀለም ብቻ ነው።

«ለካሶንዴ ነገርከው?»

«ልነግረው ሄጄ ነበር። ግን ከሕንፃው ጎን ባለው ወፍጮ የእህል ጎተራ አናት ላይ አምፖል ልቀይር ወጥቼ ቆየሁ። የሻይ ዕረፍት ጡሩምባ ሳይነፋ ወጣሁ፣ ስወርድ ለአምስት ሃያ ጉዳይ ሆኗል። ሦስት ሰዎች ገመዴን ይዘው ከታች ቆመው ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ሥራ ይዟል ብዬ ተመለስኩ።»

«ይህን ለሳጅኑ ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ሰውየው የሞተው ከጎተራው ከወረድክ በኋላ ስለሆነ አይጠቅምህም አለኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛው መጀመሪያ የሚያነበው የድሮውን ክስ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ የምለውን ማን ይሰማኛል?»

ንካንዱ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ማጽናናት አታውቅበትም፤ ፖስታውን ይዛ ወጣች።

ንካንዱና ጄሬ የወፍጮ ፋብሪካው ደጃፍ ሲደርሱ ዘበኛው ከውስጥ የሚወጣ ተሸካሚ አቁሞ ኪሱን ይዳብሳል። ከኋላ የመጣ ነጭ መኪና ግን ጡሩምባ ሳያሰማ በሩ ተከፈተለትና አለፈ። አዲሱ ሕንፃ ከወፍጮው ጎን ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ ቆሟል። ወፍጮው ሲፈጭ የሕንፃው መስታወት ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

የቢሮ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሲኮታ ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። በነጩ መኪና የገባው ሰው ከጎኗ ነው። የኬብል ሥራውን የያዘው ድርጅት ባለቤት፣ ብዋልያ ቺሳንጋ፤ ግራጫ ሱፍ ለብሷል፣ ጫማው ያበራል።

«ኢንስፔክተር፣ ለሞተው ሰው አዝነናል» አለች ሲኮታ። «ነገር ግን ሠራተኞቼ ሰኞ እዚህ ይገባሉ። ያለ ኔትወርክ ምን ይሠራሉ? ክፍሉ መቼ ይከፈትልናል?»

ንካንዱ እጇን ለቺሳንጋ ዘረጋች። እሱ መዳፉን ጨብጦ የእጁን አንጓ ሰጣት፤ እጁ የቆሸሸ ወይም የረጠበ ሰው እንደሚያደርገው። የሸሚዙ እጅጌ ግን እንደ ወተት ነጥቷል፣ ጥፍሮቹም ንጹሕ ናቸው።

«እናቴ፣ ካሶንዴ ወንድሜ ነበር» አለ። «ከሃያ ዓመት በፊት የማዕድን ማውጫውን ስልክ አብረን ነው የዘረጋነው። ሌባ ገደለብኝ።»

«እናትህ አይደለሁም። ረቡዕ የት ነበርክ?»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ግቢ፣ መኪናዬ ውስጥ ስልክ ሳወራ። ለአምስት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ወደ ወይዘሮዋ ቢሮ ገባሁ። ለቅሶ እስክንሰማ ድረስ አብረን ነበርን።»

«እውነቱን ነው» አለች ሲኮታ። «እኔም ከጠዋት ጀምሮ ከጸሐፊዬ ጋር ቢሮዬ ነበርኩ።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ንካንዱ መሰላሉን ወጣችና ኬብሎቹን አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። እያንዳንዱ ጫፉ አካባቢ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት በማርከር ቁጥር ተጽፎበታል። ዓይኗ ከጫፉ ወደ ላይ ሄደ።

«ጄሬ፣ አንድ ቁጥር ስጠኝ።»

«ሰባት።»

«ሰባት ሁለት ቦታ ተጽፏል። ጫፉ ላይ አንዴ፣ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ። ሌላ ስጠኝ።»

«አሥራ ሰባት።»

«ሁለት። ቀጥል።»

«አሥራ ስምንት።»

ኬብሉን ከጫፉ እስከ ኮርኒሱ ዳሰሰችው። ከዚያ አሥራ ዘጠኝን፣ ሃያን፣ ሃያ አንድን ራሷ ፈለገች። ወረደችና እጇን አራገፈች።

«ምን አገኙ?» አለ ጄሬ።

«አራት የጎደሉ ፕላስተሮች።»

ምዋፔ ካባሶን አንደኛ ፎቅ ላይ በኬብል ካርቶኖች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ አብጧል። ከካሶንዴ ጋር አምስት ዓመት ሠርታለች፤ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት።

«ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?»

«ለእኔ አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ሥራው እንዴት ነው?»

«እኔ ከዚህ ከካርቶኑ እለቃለሁ፣ የቾላ አባት ከላይ ስቦ መለያ ይለጥፍበታል።» ካሶንዴን በልጁ ስም ነው የምትጠራው። «ወፍጮው ሲፈጭ ስልክም ጩኸትም አይሰማም። የምንነጋገረው በኬብሉ ነው። ሁለቴ ከተጎተተ ‹ልቀቂ›፣ አንዴ ከሆነ ‹ቁሚ›፣ ሦስቴ ከሆነ ‹ነይ›።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ኬብል የሳበ ሁሉ።»

«ረቡዕስ?»

«አሥራ ሰባተኛው እንዳለቀ የሻይ ጡሩምባ ተነፋ፣ አራት ከሩብ። ቪቱምቡዋ ሻጯ የሊጥ ጥብሷን ይዛ መጣች፣ ከዘይቱ የወጣ ትኩስ። እዚሁ አብረን ተቀምጠን በላን፤ ለእሱም ሁለት በወረቀት ጠቀለልኩለት።» እጇን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች። «አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሁለቴ ተጎተተ። አራት ኬብል ለቀቅኩ። ለአምስት ሃያ ጉዳይ ገደማ ቆመ። ብጠብቅ፣ ብጎትት፣ ዝም። ለአምስት አምስት ጉዳይ ሲሆን ቪቱምቡዋውን ይዤ ወጣሁ።»

«ደሙ እርጥብ ነበር?»

ምዋፔ ቀና አለች። «ዳር ዳሩ ደርቆ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።»

«ከሻይ በኋላ አሳሳቡ ያው ነበር?»

«አልነበረም። የቾላ አባት ሽቦው ውስጥ ለውስጥ እንዳይበጠስ ቀስ አድርጎ፣ ክር እንደሚስብ ሰው ነው የሚስበው። ከሻይ በኋላ ግን ጉድጓድ የገባች ላም የሚያወጣ ይመስል ነበር። ተናዷል ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ‹ከአምስት ሰዓት በፊት ለወይዘሮዋ እነግራታለሁ› ብሎ ነበር። ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ንካንዱ ከመሬት የኬብል ቁራጭ አንስታ ሰጠቻት። «ይህ ሃያ ሁለተኛው ነው እንበል። ለሥራ ዝግጁ አድርጊልኝ።»

ምዋፔ ግራ እየተጋባች ፕላስተር ቆርጣ ጫፉ ላይ ለጠፈች፣ 22 ብላ ጻፈች። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ ለካችና ሌላ ለጠፈች።

«ለምን ሁለት?»

«ሳጥኑ ላይ ሲገጠም ጫፉ በልክ ይቆረጣል፤ መለያውም አብሮ ይወድቃል። ሁለተኛው ከሌለ የትኛው ኬብል ከየትኛው ጠረጴዛ እንደመጣ ስትፈልጊ ቀኑ ይመሻል። የቾላ አባት ባለ አንድ መለያ ኬብል ካየ ያስለቅስሻል።»

«ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል?»

«ከእሱ ጋር የሠራን ሁሉ። ሌላውማ ‹ፕላስተር ማባከን ነው› እያለ ይስቅበታል።»

«ማን?»

ምዋፔ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አለቆች።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ሦስተኛው ፎቅ ተሰበሰቡ። ሲኮታ መስኮቱ ዘንድ ቆማ ስልኳን ታያለች። ቺሳንጋ በሩን ተደግፏል። ምዋፔ ደሙ የታጠበበትን ቦታ ላለመርገጥ ጥግ ይዛለች። ሲምፉክዌን ጄሬ ከነካቴናው አመጣው፤ ሲኮታ ስታየው የእጅ ቦርሳዋን ወደ ብብቷ ሳበች።

«አንድ ሰዓት ነው ያለን» አለች ንካንዱ። «አቶ ቺሳንጋ፣ አንተ በዚህ ሥራ የቆየህ ነህ። ይህን ቁራጭ ሃያ ሁለተኛ ኬብል አድርገህ መለያ ለጥፍልኝ።»

«አሁን ይሄ ምን ይረባል?»

«ለእኔ ይረባኛል።»

ቺሳንጋ ፈገግ ብሎ ፕላስተሩን ተቀበለ። በግራ እጁ ቆረጠ፣ ጫፉ ላይ ለጠፈ፣ 22 ብሎ ጽፎ መለሰላት። ንካንዱ አልተቀበለችውም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ። ሌላ ምን አለው?»

ምዋፔ በእጁ ያለውን ቁራጭ ታያለች። ከዚያ ቀና ብላ የተንጠለጠሉትን ኬብሎች አየች። ወደ መሰላሉ ሮጣ ወጣችና አሥራ ስምንትን ያዘች፣ እስከ ክንዷ ድረስ በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ ከዚያ አሥራ ዘጠኝን፣ ሃያን፣ ሃያ አንድን።

«እኔ...» አለች። «እኔ እኮ ስለቅ ነበር።»

«ውረጂ፣ የኔ እህት» አለች ንካንዱ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሁላችሁም ካሶንዴ ለአምስት ሃያ ጉዳይ እስኪሆን ድረስ በሕይወት ነበር ያላችሁት ኬብሉ ሲሳብ ስለነበር ነው። በእሱ እጅ የተሳበው ግን እስከ አሥራ ሰባተኛው ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አራቱ አንድ መለያ ብቻ አላቸው፣ እየተነጠቁም ነው የተሳቡት። ስለዚህ ካሶንዴ የወደቀው በሻይ ሰዓት፣ ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ነው። ምዋፔ ስትደርስ ደሙ ዳር ዳሩ የደረቀውም ለዚህ ነው። መሰላሉ ወድቆ ነበር፤ አራቱን ለመሳብ ኮርኒሱ ጋ መድረስ ስለሚያስፈልግ ተነስቶ ቆመ።»

«ሲምፉክዌ በዚያ ሰዓት ጎተራው ላይ ነበር» አለ ጄሬ ቀስ ብሎ። ዛሬ ጠዋት ሦስቱን ሰዎች ራሱ ጠይቋቸዋል።

«ነበር። ምዋፔ ከቪቱምቡዋ ሻጯ ጋር ነበረች፤ ከዚያም ከታች ትለቅ ነበር፤ አንድ ሰው በሁለት ጫፍ አይቆምም። ወይዘሮ ሲኮታ ከጸሐፊያቸው ጋር ነበሩ። የቀረው መኪናው ውስጥ ስልክ ሲያወራ ማንም ያላየው፣ ሁለቴ መጎተት ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ በሁለት መለያ ግን የሚስቅ ሰው ነው። ቀኝ እጅህን ክፈት፣ አቶ ቺሳንጋ።»

«ኢንስፔክተር፣ ይህ ነውር ነው።»

«ጠዋት አንጓህን ሰጠኸኝ። የቆሸሸ እጅ አይደለም ያለህ። ክፈተው።»

አልከፈተም። ጄሬ አንጓውን ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። መዳፉን አቋርጦ ቆዳው የተገፈፈ ቀይ መስመር ይታያል፣ ልክ በኬብል ውፍረት። ያለ ጓንት አራት ኬብል በችኮላ የሳበ ለስላሳ እጅ።

ሲኮታ ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ለምን?»

ንካንዱ ፈልቅቃ የፋቀችውን ቁራጭ ሰጠቻት። «እርስዎ የመዳብ ኬብል ነው ያዘዙት። ይህ አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ የተቀባ። ካሜራና ስልክ ሲሰካበት ይግላል። ካሶንዴ ጠርጥሮ ለሲምፉክዌ አሳየው፣ ምክንያቱም በዚህ ግቢ መዳብን በክብደቱ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ቁራጭ ኪሱ ውስጥ አግኝተን ሌባ አልነው።»

ቺሳንጋ በበሩ ላይ ቁልቁል ተንሸራተተና ተቀመጠ። ሱፉ አቧራ ሲነካው አላየውም።

«የክሊኒኩንም፣ የትምህርት ቤቱንም በዚሁ ነው የዘረጋሁት» አለ። «ይህ ቢነገር ሁሉም ሊነቀል ነው። ‹ውረድና እንነጋገር› አልኩት። ‹የምነጋገረው ከወይዘሮዋ ጋር ነው› አለ። መሰላሉን ነቀነቅኩት። እንዲወርድ ብዬ ነው።» ወደ ምዋፔ ቀና አለ። «እዚህ አገር መዳቡ ከእግራችን ሥር ይወጣና በባቡር ይሄዳል። ተቀብቶ የሚመለሰው ለእኛ ነው። እኔ ነኝ የቀባሁት?»

«እሱን ለሌላ ዳኛ ንገር» አለች ንካንዱ። «ሐኪሙ ከወደቀ በኋላ እስከ ሃያ ደቂቃ ተንፍሷል ይላል። ገና በሥራ ላይ ያለ ለማስመሰል አራቱን ኬብል የሳብከው በዚያ ሃያ ደቂቃ ነው። ሦስቴ ብትጎትት ይህች ልጅ እየሮጠች ትመጣ ነበር። ሲያቃስት አልሰማህም?»

ቺሳንጋ መዳፉን አየ።

«ወፍጮው ይጮሃል» አለ። «ምንም አይሰማም።»

ከጥጉ የምዋፔ ድምፅ መጣ፤ ለማንም የተነገረ አይመስልም። «እኔ ነኝ የለቀቅኩለት። አራቱንም።»

ካቴናው ከሲምፉክዌ እጅ ወጥቶ በቺሳንጋ ላይ ሲገባ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጄሬ ሲምፉክዌን አየት አድርጎ ‹ይቅርታ› ሊል የፈለገ ይመስል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቺሳንጋን ክንዱን ይዞ ወጣ።

ሲኮታ በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው አየች። ከዚያ ወደ ምዋፔ ዞረች።

«ሁሉም ይነቀላል ማለት ነው?»

«ሁሉም።»

«እስከ ሰኞ ይደርሳል?»

ምዋፔ ፒንሳዋን ከመሬት አንስታ መሰላሉን ወጣች። ኬብል ቁጥር አንድን በሁለት መለያዎቹ መካከል ያዘች፤ ግን አልሳበችውም።

ሲኮታ ወደ ሲምፉክዌ ሄደች፤ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። «ለጥቂት ጊዜ ቤትህ ብትቆይ ይሻላል» አለችው፣ በትህትና። «ሠራተኛው ያወራል። ይገባሃል አይደል?»

«ይገባኛል፣ ወይዘሮ።»

«ያጠፋው ነገር የለም እኮ» አለች ንካንዱ።

«አውቃለሁ። እኔም አጠፋ አላልኩም።»

ንካንዱና ሲምፉክዌ አብረው ወረዱ። ግቢው ውስጥ የዱቄት አቧራ በፀሐይ ላይ ያንዣብባል። ልታደርሰው መኪና እንዳላት ነገረችው፤ በእግሩ መሄድ እንደሚሻለው፣ ሁለት ቀን ተቀምጦ እግሩ እንደደነዘዘ ነገራት።

«አንኳኩቼ ነበር እኮ» አለ በሩ ሲቃረብ፣ ድንገት። «ልክ ቺሳንጋ ሲወጣ ነው የደረስኩት። በሩን ብገፋው ኖሮስ?»

«ለካሶንዴ ዘግይቶ ነበር። ለአንተ ግን አስር እጥፍ ይብስ ነበር። ሬሳው አጠገብ ቆመህ ነበር የምናገኝህ።»

ዘበኛው ሲያያቸው ብድግ አለ፤ ለእሷ ሰላምታ ሰጥቶ ትንሿን በር ከፈተላት። እሷ አለፈች። ዞር ስትል ሲምፉክዌ አልተከተላትም። ዘበኛው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ሲምፉክዌ በሩ ሥር ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር።

ዘበኛው ኪሶቹን ዳበሰ። ባዶ ነበሩ።

«እለፍ» አለው።